ተቀባይ ያጣው ሦስት ሺህ ብር

መመለስ ማለት አንድን ነገር ከወሰዱበት ቦታ መልሶ ማኖር ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ወንፊት ይመለሳል። በልቅሶ ቤት ተሳስተው ያደረጉት የሰው ጫማ ይመለሳል። ጃንጥላም፣ ባለቤቱ ከታወቀ፣ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ የሚመለስ ነገር፣ የሚመልስ ሰውና የሚቀበል ሰው። ሁለቱ ከተገኙ ሦስተኛው አያስቸግርም ተብሎ ስለሚታሰብ ስለ ተቀባዩ እስከ ዛሬ የጻፈ የለም። ይህ ተረት ስለ እርሱ ነው።

በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ ጋሽ አጥናፉ የሚባሉ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። በዚያች ከተማ ፋብሪካውም ሆነ መሥሪያ ቤቱ የየራሱ የጤና ቁጠባ ማኅበር አለው። አባሉ በየወሩ ከደመወዙ ያስቀምጣል፤ የተቀመጠው ለሕክምና ብቻ ይወጣል፤ ለሕክምና የወጣውን ግብር አይነካውም። ለሌላ ነገር ከወጣ ግን እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል፣ አባሉም ለአንድ ዓመት ከማኅበሩ ይታገዳል። ደንቡን የጻፉት ደግ ሰዎች ናቸው።

በግንቦት ጋሽ አጥናፉ ኩንታል ሲያዞሩ ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። ከቁጠባቸው ሦስት ሺህ ብር አወጡና እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄዱ። እማማ ደብሪቱ ወጌሻ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ አጥንት በእጃቸው ያውቁታል። ቅቤ ቀቡ፣ አሹ፣ «ለመሆኑ ታላቅ እኅትህ ደኅና ናት?» ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ አጥናፉ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዱን ሳቡት። ትከሻው ቦታው ገባ። ከዚያም ሦስት ሳምንት እያመላለሱ አሿቸው።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት የማኅበሩ የሒሳብ ሹም አቶ ይበልጣል ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ጠበቋቸው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ የግንቦቷ ሦስት ሺህ ብር ደረሰኟ የታለች?»

«ደረሰኝ?» አሉ ጋሽ አጥናፉ። ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርገው አነሡት። «ይኸውልህ ደረሰኙ!»

አቶ ይበልጣል ክንዱን ከታች እስከ ላይ አዩት። ቁጥር አልነበረውም።

«የት ነው የታከሙት?»

«እማማ ደብሪቱ ጋ ነዋ።»

አቶ ይበልጣል ክው አሉ። ግራ ቀኝ ተመልክተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወጌሻ? በጤና ቁጠባ? ጋሼ፣ ወጌሻ እኮ በደንቡ ሕክምና አይደለም!»

አሁን የደነገጡት ጋሽ አጥናፉ ናቸው። «ታዲያ ያዳነኝ ምንድን ነው?»

«እሱን ደንቡ አይልም። ነገ ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ሒሳብ ይዘጋል። ገንዘቡ እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመለሰ ግብሩ ይቆረጣል፣ እርስዎም ይታገዳሉ።»

ግብሩስ ይቆረጥ። ጋሽ አጥናፉን ያስጨነቃቸው እገዳው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኜ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል፤ ለሐምሌ አሥራ ሁለት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላቸው፤ የሚከፈለውም ከዚያው ከማኅበሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ተናኜ በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ» ብለውት፣ መልስ ሲያጡ ተቀይመው ነበር።

የሰኔ ደመወዝ የወጣው በዚያው ቀን በመሆኑ ጋሽ አጥናፉ ሦስት ሺህ ብር ቆጥረው ያዙና ወደ ገንዘብ ያዧ መስኮት ሄዱ።

«ሠናይት ልጄ፣ ገንዘብ ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልመልስ። በስህተት አውጥቻት ነው።»

ሠናይት እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። በዚያ መስኮት ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ጎድሎብኛል ያላት ሰው በየቀኑ አለ፤ ልመልስ ያላት ግን አልነበረም። «ጋሽ አጥናፉ፣ እኔ ምን አድርጌዎት ነው? ካዝናዬ ቢጎድል ይቀጡኛል። ቢተርፍ ግን ይመረምሩኛል! ቅጣቱ ይሻለኛል። መጀመሪያ ደረሰኝ ያስቆርጡ።»

ካዝናው አልከፈትም አለ። ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም።

ጋሽ አጥናፉ ወደ አቶ ይበልጣል ተመለሱ።

«ደረሰኝ ቁረጥልኝ።»

«በምን ርእስ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ መልስ ያልከኝ?»

«ይመልሱ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ይበልጣል በትዕግሥት። «መቀበል ግን ሌላ ሥራ ነው።» የደረሰኙን ጥራዝ ከፈቱ። «ይኸው፣ ርእሶቹ ሦስት ናቸው። መዋጮ፣ መመዝገቢያ፣ ቅጣት። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«እኔ ስህተት ነኝ።»

«ስህተት የሚል የለም።»

«እንግዲያው በቅጣት ቁረጠውና ገላግለኝ!»

አቶ ይበልጣል ጥራዙን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቀፉት። «ምን ነካዎት ጋሼ! በቅጣት ከቆረጥኩማ ጥፋተኛ ሆኑ ማለት ነው። ጥፋተኛ ደግሞ ይታገዳል። ሊቀ መንበሩ ማኅተም ያሳረፉበት ወረቀት ያምጡልኝ።»

ደረሰኙ አልቆረጥም አለ። ደረሰኙ ካልተቆረጠ ካዝናው አይከፈትም፤ ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኃይለየሱስ ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥረው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል። ሲያስነጥሱ እንኳ መሐረቡን አያወጡትም። የጋሽ አጥናፉን ነገር ሰምተው ደንቡን ገለጡና አንቀጽ አሥራ አራትን ጮክ ብለው አነበቡት፦ «በስህተት የወጣ ገንዘብ እስከ ሰኔ ሠላሳ ከተመለሰ እንዳልወጣ ይቆጠራል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ማነው የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎታ። በጉባኤው ላይ አንብበውልን አጨብጭበናል።»

«አስታውሳለሁ፤ ጭብጨባው ደኅና ነበር። ግን አጥናፉ፣ እኔ ይህን የጻፍኩት ሰው በእርግጥ ይመልሳል ብዬ መሰለህ?» ደረታቸውን ዳበስ አድርገው ማኅተሙ መኖሩን አረጋገጡ። «እስቲ አስበው። በዚህ ገንዘብ ላይ ግብር ተቆርጦበት ቢሆንስ? ከፊሉ የመንግሥት ሆነ ማለት ነው። የመንግሥትን ገንዘብ ስቀበል ብገኝ ሌባው አንተ አትሆንም፣ እኔ ነኝ። ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ግብር አልተቆረጠበትም የሚል ደብዳቤ አምጣልኝ።»

ማኅተሙ አላርፍም አለ። ማኅተሙ ካላረፈ ደረሰኙ አይቆረጥም፤ ደረሰኙ ካልተቆረጠ ካዝናው አይከፈትም፤ ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም።

ጋሽ አጥናፉ ይህንኑ ሁሉ ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ተናኜ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ወይዘሮ ተናኜ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ሰሙ።

«ገንዘቡን ይዘህ ስትዞር ውለህ አንድም ሰው አልተቀበለህም?»

«አንድም።»

«ተቀባይ ጠፋ በለኛ! ሌባ እንኳ የለም በዚህ ከተማ?» አሉና ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «አጥናፉ፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት ከቀረ ሌላው ቀጠሮ መቼ ነው?»

ጋሽ አጥናፉ ሦስቱን ሺህ ብር እንደገና ቆጥረው ለነገ አዘጋጁት።

በማግሥቱ፣ ሰኔ ሠላሳ፣ ዝናብ እየዘነበ ጋሽ አጥናፉ በሁለት ሰዓት ተኩል ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ደረሱ። ግብር የሚከፍለው፣ ግብር በዛብኝ የሚለው፣ ግብሩን ለማን እንደሚከፍል የማያውቀው ሁሉ ተሰልፏል። ተራቸው ሲደርስ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፉት ወይዘሮ እቴነሽ ቀና ሳይሉ «ምንድን ነው?» አሉ።

«በስህተት ያወጣሁትን ገንዘብ ልመልስ ነበር።»

ወይዘሮ እቴነሽ ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው ባልደረባቸውን ጠሩ። «ነይማ ስሚ! እስቲ አባቴ፣ ያሉትን ይድገሙላት።»

ጋሽ አጥናፉ ደገሙት። ባልደረባይቱ አማተበች።

«እኔ እኮ ልጽፍልዎ ዝግጁ ነኝ» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ ድንጋጤያቸው ሲበርድ። «ግን ግብር አልተቆረጠበትም ብዬ ለመጻፍ አለመቆረጡን ማየት አለብኝ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም?»

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ እየመጣ ነው። የፋብሪካችሁ የግንቦት መዝገብ በወረቀትም አለ፤ መዝገብ ቤት ያስወርዱልኝ።»

ደብዳቤው አልጻፍም አለ። ደብዳቤው ካልተጻፈ ማኅተሙ አያርፍም፤ ማኅተሙ ካላረፈ ደረሰኙ አይቆረጥም፤ ደረሰኙ ካልተቆረጠ ካዝናው አይከፈትም፤ ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም።

መዝገብ ቤቱ ከምሳ በኋላ በሰባት ሰዓት ተኩል ተከፈተ። ኃላፊው አቶ ባንትይርጉ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ትሑት ሰው ነበሩ። ጋሽ አጥናፉ ለምን እንደ መጡ ሲነግሯቸው በድንጋጤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሊያነሡ ሞከሩ። የተነሣው ግራው ብቻ ነው። ቀኙ በስካርፍ ታስሮ ደረታቸው ላይ ቀረ፤ ፊታቸውም አመድ መሰለ።

«ምነው ክንድዎን?»

«እሑድ ደረጃው አንሸራተተኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ማስታገሻ ሰጥተው ለሐምሌ ሃያ ቀጠሩኝ።» በአገጫቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። «መዝገብዎ እዚያ ላይ ነው።»

መዝገቡ ከመጨረሻው መደርደሪያ ላይ፣ በሌሎች ሰባት መዝገቦች ሥር፣ ቀይ ጀርባውን አሳይቶ ተቀምጧል። አንድ እጅ መሰላል ይይዛል፤ አንድ እጅ መዝገብ ያወርዳል። አቶ ባንትይርጉ የነበራቸው አንድ እጅ ነው።

«እኔ ልውጣና ላውርደው!»

«ግብር ከፋይ መዝገብ ከነካ ወንጀል ነው።»

«ጥበቃውስ?»

«ጥበቃው መዝገብ ከነካ የባሰ ወንጀል ነው። መዝገብ ለመንካት የተፈረመልኝ እኔ ነኝ። እኔ ብቻ።» ይህን ያሉት ሳይኮሩ ነው፤ እንዲያውም ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። «በአምስት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው መልሻለሁ። ሰዉ ይሰድበኛል። ሸሚዜን የምታለብሰኝ ባለቤቴ ናት።»

ክንዱ አልነሣም አለ። ክንዱ ካልተነሣ መዝገቡ አይወርድም፤ መዝገቡ ካልወረደ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ ማኅተሙ አያርፍም፤ ማኅተሙ ካላረፈ ደረሰኙ አይቆረጥም፤ ደረሰኙ ካልተቆረጠ ካዝናው አይከፈትም፤ ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም።

ጋሽ አጥናፉ የአቶ ባንትይርጉን ትከሻ ትኩር ብለው አዩት። የወጣችውን እብጠት አወቋት። የራሳቸውም ልክ እዚያው ላይ ነበረች።

ባጃጅ ይዘው እማማ ደብሪቱ ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እማማ ደብሪቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተነሡም።

«መጣህ? ሰምቻለሁ። እኔ ሕክምና አይደለሁም አሉ።»

«እማማ፣ እኔ አላልኩም፤ ደንቡ ነው።»

«ደንቡ ሲወልቅ ደግሞ ማንን ይጠራ ይሆን?» እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «አርባ ዓመት! የስንቱን ክንድ፣ የስንቱን ቁርጭምጭሚት! ያንተ ሊቀ መንበር ራሱ፣ ከበቅሎ ወድቆ፣ በቃሬዛ ነው ያመጡት። እንደ ጥጃ ሲያለቅስ ነበር። እሱ ነው አሁን የሚጽፍብኝ?»

ጋሽ አጥናፉ ደነገጡ። ሊቀ መንበሩ በቅሎ ላይ የወጡበትን ዘመን አያውቁም ነበር።

ሆኖም የመዝገብ ቤቱን ሰው ክንድ ነገር ነግረው አብረዋቸው እንዲሄዱ ለመኗቸው።

«አልሄድም» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ያ የመንግሥት ሰው፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹እማማ ደብሪቱ አክሚኝ› ካላለኝ እጄን አልዘረጋም።»

የወጌሻዋ እጅ አልዘረጋም አለ። እጁ ካልተዘረጋ ክንዱ አይነሣም፤ ክንዱ ካልተነሣ መዝገቡ አይወርድም፤ መዝገቡ ካልወረደ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ ማኅተሙ አያርፍም፤ ማኅተሙ ካላረፈ ደረሰኙ አይቆረጥም፤ ደረሰኙ ካልተቆረጠ ካዝናው አይከፈትም፤ ካዝናው ካልተከፈተ ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘቡ ካልተመለሰ የተናኜ ዓይን አይበራም። ጋሽ አጥናፉ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ፣ ዝናብ ላይ እንደ ቆሙ፣ ለእማማ ደብሪቱ አወረዱላቸው።

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡ። «የማን ዓይን ነው ያልከው?»

«የተናኜ።»

«ተናኜ ታውራ ነው ለአንድ መዝገብ?» ተነሡ። «ቅቤውን አቀብለኝ። ሰውየው ግን ይበለኛል! እሱን አልተውም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ደብሪቱ ቅቤያቸውን በሲኒ ይዘው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ገቡ። ሰልፉ ዞረ። ወይዘሮ እቴነሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጥበቃው ቅቤ ይዞ መግባት መከልከሉን ለማስታወስ ሞከረና፣ ባለፈው ዓመት ጉልበቱን ያሹለት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲለው በሩን ያዘላቸው።

«የታመመው ማነው?»

አቶ ባንትይርጉ ከመዝገብ ቤቱ ብቅ አሉ። ሰልፈኛውን አዩ፣ ባልደረቦቻቸውን አዩ። ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ፣ ክንዳቸው ስለ ጠዘጠዛቸው ይሁን ስለ አሥራ ሰባቱ ሰዎች፣ ጥርት ባለ ድምፅ «እማማ ደብሪቱ፣ ያክሙኝ» አሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ደብሪቱ ጸጥታውን እንደ ምስክር ወረቀት ቆመው ተቀበሉት። ከዚያ አስቀመጧቸው፣ ቅቤ ቀቡ፣ አሹ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ባንትይርጉ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ።

ቀጭ አለ። የአቶ ባንትይርጉ ጩኸት እስከ ሰልፉ ጫፍ ተሰማ፤ ሁለት ሰዎች ግብራቸውን ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ክንዱ ተነሣ። ክንዱ ሲነሣ መዝገቡ ወረደ፤ መዝገቡ ሲወርድ ግብር እንዳልተቆረጠ ታየና ደብዳቤው ተጻፈ፤ ደብዳቤው ሲጻፍ ባጃጁ በጭቃ ውስጥ በረረ፤ ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ሦስተኛ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ አጥናፉ ስለ በቅሎዪቱ ጠየቋቸውና ማኅተሙ አረፈ፤ ማኅተሙ ሲያርፍ አቶ ይበልጣል «ስህተት» የሚል አራተኛ ርእስ በእጃቸው ጽፈው ደረሰኙ ተቆረጠ፤ ደረሰኙ ሲቆረጥ ካዝናው ተከፈተ፤ ሠናይትም ሦስቱን ሺህ ብር ሦስት ጊዜ ቆጥራ፣ ጋሽ አጥናፉን በሐዘኔታ እያየች፣ ተቀበለች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ወይዘሮ ተናኜ ዓይናቸውን ተሠሩ። ፋሻው በተነሣ ዕለት በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና መታጠብ አለበት አሉ።

አቶ ባንትይርጉ የእማማ ደብሪቱን ዋጋ ከመሥሪያ ቤታቸው የጤና ቁጠባ አውጥተው ከፈሉ። በነሐሴ ደረሰኝ ተጠየቁ። ክንዳቸውን አነሡ።